ሾክ ተቀይሮም ጓ የሚለው ኮሮላ፦ የቦል ጆይንት ክርክር ከ1ኛው መልስ እስከ 27ኛው

ይህን የኢንተርኔት መወያያ ክር የከፈተው የ1998 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ፣ የ110 ቦዲ (የዚያ ትውልድ መለያ)፣ የሚነዳ ሰው ነው። መኪናው ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በቀኝ የፊት እግር በኩል ጓ ይላል። ጋራዥ ገብቶ ቀኝ ጎኑ በክሪክ ተነሳ፣ ጎማው ላይና ታች ተይዞ ተነቀነቀ፣ ቦል ጆይንቱ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዘውን ክፍል ከታችኛው ክንድ (አርም) ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መጋጠሚያ፣ ጤነኛ ነው ተባለና ሁለቱም የፊት ሾኮች ተቀየሩ። ድምፁ ግን ንቅንቅ አላለም። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ያለቀ ቦል ጆይንት በምን ይታወቃል? መፍቻና ክሪክ ያለው ሰውስ ግቢው ውስጥ ሊቀይረው ይችላል?

1ኛው መልስ በትሕትና የጀመረና ለድምፁ መልክ የሰጠ ነው። የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ ማያያዣ) ካለቀ ትናንሽ ጉድጓድ ላይ ቶሎ ቶሎ ይንኳኳል፤ በተለይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል በማይረግጡበት መንገድ። ቦል ጆይንት አንድ ጊዜ ደፈን ብሎ ይመታል፤ ከጉብታ ሲወርድና ፍሬን ሲያዝ ይብሳል። ሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ለጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መታጠፊያ) መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲሰጥ ቀጭ ቀጭ ይላል። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር እንደ ተወጠረ ሽቦ ድን የሚል ድምፅ ደግሞ ከሾኩ አናት ላይ ካለው ኩሽኔታ ወይም ከሞላው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ተንበርክኮ በባትሪ መብራት የቦል ጆይንቱን ጎሚኒ (የላስቲክ ሽፋን) ማየት ነው ይላል። ጎሚኒው ከተቀደደና በዙሪያው ቡናማ የዝገት ውሃ ከደረቀ ግራሶው ታጥቦ ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ የወራት እንጂ የመሆንና ያለመሆን አይደለም።

2ኛው ይህን ደግፎ የጣት ፍተሻ ጨመረ። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ አንድ ሰው መሪውን ቀኝና ግራ በትንሹ ይነቀንቃል፤ ሌላው ጣቱን በየተራ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ፣ ሊንኩ ላይ፣ ቦል ጆይንቱ ላይ ያሳርፋል። ከጆሮ ይልቅ ጣት አይሳሳትም፤ ብረት ድምፅን ያዞራል፣ ንዝረቱ ግን ከምንጩ ላይ ይበረታል። እጅ በሞላ ቀለበቶች መካከል እንዳይገባ ማሳሰቢያ አለው፤ ማሳሰቢያውን በሦስት ቃለ አጋኖ ነው የዘጋው።

ጎማውን 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ላይ ይዞ መነቅነቅ ብቻውን ምንም አይፈርድም ያለው 3ኛው ነው። ያ ንቅናቄ ከሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ኩሽኔታም ሊመጣ ይችላል። ለመለየት ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥና እንደገና ይነቅነቅ፦ ክፍተቱ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ከቀረ ቦል ጆይንት ነው። 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ የሚታይ ክፍተት የታይሮድ ወይም የመሪው ሳጥን ጉዳይ ነው።

4ኛው እዚህ ላይ እርማት አመጣ፤ የክሩ ዋና ነገርም ከዚህ ይጀምራል። ኮሮላ ሞላው በሾኩ ላይ የተቀመጠ መኪና ነው፤ የታችኛው ቦል ጆይንት የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፣ ጎማውን በቦታው ይይዛል እንጂ። አንድ ጎን ብቻ ሲነሳ ስታቢላይዘሩ ተጠምዝዞ፣ የአርሙ ቡሽም (የላስቲክ መያዣው) ተወጥሮ ፒኑን (የቦል ጆይንቱን ዘንግ) ወደ አንድ ወገን ይጫኑታል። ያንን ውጥረት የሰው ክንድ አያሸንፈውም፤ ጋራዡ ያላየው ለዚህ ነው። የቶዮታ መመሪያ የሚለው ከፊት ጎማው ስር ከ180 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው እንጨት አድርጎ፣ ሞላው ግማሽ ጭነት እስኪሸከም ክሪኩን ዝቅ አድርጎ አርሙን ላይና ታች መሞከር ነው። የሚፈቀደው የቁም ክፍተት ዜሮ ነው፤ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ የለም። እንጨት ከሌለ ሁለቱንም ጎን በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) አንስቶ በአርሙና በናክሉ (ሞዞውን በሚይዘው ብረት) መካከል ረጅም ብረት አስገብቶ ቀስ ብሎ መጫን ይቻላል፤ ጎሚኒውን እንዳይወጋ ብቻ።

5ኛው አልተስማማም። ሰውየው ሃይሉክስ የሚያውቅ ነው። የታችኛው አርም ሁልጊዜ ከስር በክሪክ መነሳት አለበት፣ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው አለ። 6ኛው ወንድሜ ብሎ ቢጀምርም አነጋገሩ የወንድም አልነበረም፦ ኮሮላን እንዲያ አንስቶ የሚፈትሽ ሰው ሞላውን ጨምቆ ያለቀ ጆይንት ጤነኛ ነው ብሎ ይሸኛል አለው። 5ኛው ተመልሶ መጥቶ ደገመው፤ እየከረረ ሄደ።

የፈታው 7ኛው ነው፤ ሁለቱም በየመኪናቸው ልክ መሆናቸውን አሳያቸው። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (በመጠምዘዝ እንደ ሞላ የሚሠራው ዘንግ) የሚገፋው የትኛውን አርም ነው? በድሮው ሃይሉክስና በሃያስ ሚኒባስ ቶርሽን ባር አለ፤ በኋለኛው ሃይሉክስ ሞላው በታችኛው አርም ላይ ተቀምጧል። የሚገፋው የታችኛው አርም ከሆነ የታችኛው ቦል ጆይንት ሸክም ተሸካሚ ነው። መኪናው ከሻሲው ሲነሳ አርሙ ወደ ታች ተገፍቶ ፒኑን ይወጥረዋል፣ ክፍተቱም ይደበቃል። ስለዚህ ክሪኩ ከታችኛው አርም ስር፣ ወደ ቦል ጆይንቱ በተጠጋ ቦታ ገብቶ ጎማው ከመሬት ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ከጎማው ስር ብረት አስገብቶ ወደ ላይ ማንሳት። ኮሮላ፣ ቪትዝና መሰሎቻቸው ላይ ግን ክሪክ ከአርሙ ስር ማድረግ ጆይንቱን ይጨምቀዋል። እኔ እንደማየው ከክሩ አንድ መልስ ብቻ የሚነበብ ቢሆን ይህ ነው። 5ኛው ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጻፈም፤ ምስጋናም አልጻፈም።

8ኛው ወደ ላዳ ወሰደን። ርዕሱን የሳተ ቢመስልም ለፍተሻ ከዚህ የጠራ ነገር በክሩ ውስጥ የለም። በአሮጌው ላዳ የታችኛው ቦል ጆይንት ቂጥ ላይ የሚፈታ ትንሽ ቡሎን አለ። እሱን አውጥቶ በቨርኒየር ካሊፐር ጥልቀት መለኪያ ከጆይንቱ የውጭ ገጽ እስከ ፒኑ ጫፍ ይለካል፤ ከ11.8 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይጣላል። መነቅነቅ የለ፣ መገመት የለ። ሦስት ብሎን ፈትቶ አዲሱን መግጠም ነው። 9ኛው ስለ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ናፍቆቱን ጻፈና ሄደ።

በ10ኛው የክሩ ባለቤት ተመለሰ። ሁለቱንም ጎን አንስቶ በረጅም ብረት ሲጫነው የቀኙ በዓይን የሚታይ ላይ ታች ይላል፤ ጎሚኒውም ከኋላ በኩል፣ ከፊት ሲያዩት በማይታይበት ጎን፣ ተቀዷል። የግራው አይንቀሳቀስም። አሁን የሚፈልገው የአሠራሩን ቅደም ተከተል ነው።

11ኛው ረጅሙ መልስ ነው። ደልዳላ መሬት፣ የእጅ ፍሬን፣ ከኋላ ጎማዎች ድንጋይ። የጎማ ዳዶዎቹ ገና መሬት ላይ እያለ በ21 መፍቻ ይላላሉ። ሴሚያሱን (የሲቪ ጆይንቱን ዘንግ) መግፋት ሊያስፈልግ ስለሚችል የጫፉ የ30 ዳዶም እንዲሁ መሬት ላይ እያለ፣ ሰው ፍሬን ረግጦ፣ ቢላላ ይሻላል፤ ከተነሳ በኋላ ጭንቅ ነው። ከዚያ ክሪክ፣ ከሻሲው ስር ካቫሌቶ፣ ጎማ መፍታት። የወጣው ጎማ ከመኪናው ስር ይገባል፤ ካቫሌቶው ቢከዳ እሱ ይሸከማል። የብሎኖቹ ጥርሶች በሽቦ ብሩሽ ይጸዱና የዝገት ማላቀቂያ ይረጭባቸዋል፤ ከተቻለ በዋዜማው ማታ። ከቦል ጆይንቱ ፒን ላይ ኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚያግደው ሽቦ) ይወጣል፤ ዳዶው ይላላል እንጂ አይወጣም፣ ከፒኑ ጫፍ ጋር እኩል ሆኖ ይቆያል። ምክንያቱ፣ ሾጣጣው (የፒኑ እየቀጠነ የሚሄደው ክፍል) ሲለቅ በኃይል ነው የሚለቀው፤ ዳዶው ከሌለ አርሙ ከእግር ላይ ያርፋል።

ሾጣጣውን ለማስለቀቅ ማውጫ ካለ ጥሩ። ከሌለ የናክሉን ጆሮ ከአንድ ጎን በከባድ መዶሻ ደግፎ ከሌላው ጎን በሌላ መዶሻ መምታት ነው፤ ጆሮው ለቅጽበት ተጨምቆ ፒኑን ይተፋዋል። የሚመታው ጆሮው ነው፣ የፒኑ ጫፍ አይደለም። ሲለቅ ከአርሙ ጋር ያያዙት አንድ ብሎንና ሁለት ዳዶዎች በ17 ይፈታሉ፣ አርሙ በረጅም ቧንቧ ወደ ታች ተጭኖ ጆይንቱ ይወጣል። በኮሮላ የሚያስቸግረው ዳዶው ወደ ላይ ሲወጣ ሲቪ ጆይንቱን መንካቱ ነው። ያን ጊዜ የ30ውን ዳዶ አውጥቶ ሴሚያሱን በጥቂቱ ወደ ውስጥ መግፋት። ናክሉ ወደ ውጭ ብዙ ከተሳበ የውስጠኛው ጆይንት ይበታተናል፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ገመድ ካለም ይወጠራሉ። ናክሉ በገመድ ይታሰር እንጂ አይንጠልጠል።

እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ የለውም። መጨረሻ ላይ ግን አዲሱን ፒን ከመግጠም በፊት ለወደፊቱ እንዳይጣበቅ ግራሶ መቀባት ጥሩ ነው አለ፤ ክሩም እዚያ ጋር ተሰነጠቀ።

12ኛው በአንድ መስመር ከለከለ። 13ኛው ለምን እንደሆነ አብራራ፦ ሾጣጣው የሚይዘው በደረቅ ብረት መፋተግ ነው። ግራሶ ሲገባ ያው የማጥበቂያ ኃይል ፒኑን ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ወይ ጆሮው ይለጠጣል፣ ወይ ዳዶው የኮፒሊያውን ቀዳዳ አልፎ ይሄዳል። በመንገድ ላይም ፒኑ በጉድጓዱ ውስጥ መላወስ ይጀምርና ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ናክሉ ነው። ትክክለኛው ሁለቱንም ገጽ በንጹሕ ጨርቅና በፍሬን ማጽጃ አድርቆ መግጠም ነው። 11ኛው ሳያኮርፍ ተቀበለ፤ መልሱንም አስተካከለው፤ ክሩን አሁን የሚያነቡ ግን የተስተካከለውን ስለሚያዩ ሰዎቹ በባዶ የተጣሉ ይመስላቸዋል።

14ኛው የማጥበቂያ ቁጥር ሰጠ፦ የአርሙ ብሎንና ዳዶዎች 142፣ የታይሮድ ዳዶ ከተፈታ 49፣ የጎማ ዳዶ 103፣ የሴሚያሱ 216 ኒውተን ሜትር። 15ኛው ያ 142 ለ110 ቦዲ ነው፣ ለ120 ቦዲ 89 ነው ብሎ አቋረጠው፤ የአንዱን ትውልድ ቁጥር ለሌላው የሚያድል ሰው ብሎን ይበጥሳል የሚል ቃልም አከለበት። 14ኛው ጥያቄው ስለ 110 እንደነበር አስታወሰ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ትምህርቱ ግን ከ15ኛው ነው፣ የሻሲ ቁጥሩን ይዞ የራስን መኪና መመሪያ ማየት።

ፒኑ ከዳዶው ጋር አብሮ የሚዞርበትን ችግር ያነሳው 16ኛው ነው። መድኃኒቱ ክሪኩን ከአርሙ ስር አስገብቶ ሾጣጣው እስኪነክስ በጥቂቱ ወደ ላይ መጫን ነው፤ መኪናው ከካቫሌቶው እስኪነሳ አይደለም። ኤር ገን ግን አይነካም። የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ጥርስ ጋር ካልገጠመ ዳዶው ወደፊት ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ አይላላም፤ ኮፒሊያውም አዲስ ይሁን። በሹካ ብረት (በመዶሻ እየተመታ በሚገባ ባለ ሁለት ጣት ብረት) ስለማላቀቅ 17ኛው የጻፈው አጭር ነው፦ ሹካው ጎሚኒውን ይቀድዳል፤ ጆይንቱ የሚጣል ከሆነ ይሁን፣ ታይሮዱ ላይ ግን እንዳይሞከር።

ከ18ኛው ጀምሮ ወሬው ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) ገባ። በ555 ማሸጊያ የሚሸጠው ሁሉ የጃፓኑ ሳንኬ የሠራው አይደለም። ሰውየው ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ማየት ይመክራል፦ አዲስ ጆይንት ፒኑ በእጅ ሲነቃነቅ ጠንከር ብሎ፣ በሁሉም አቅጣጫ እኩል፣ ሳይንቆራጠጥ መዞር አለበት። ከተነካ በኋላ እንደ ደወል ምላስ የሚወድቅ ከሆነ ለሻጩ ይመለስ። ጎሚኒውን ከላይም ከታችም የሚይዘው ቀለበት ቦታው ላይ መቀመጡን፣ ሾጣጣው ላይ የማሽን ጭረት አለመኖሩን ማየት። አሮጌውን ይዞ መሄድና ጎን ለጎን ማስቀመጥ፤ የአርም ቀዳዳዎቹ ርቀት በዓይን እኩል ይመስላል፣ ሲገጠም ነው የሚጋለጠው። 19ኛው የመመሪያውን የመዞር ግትርነት ፍተሻ ጨመረ፦ ፒኑን አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ፣ ከዚያ ዳዶ አስገብቶ ያለማቋረጥ ማዞር፣ ግትርነቱን በአምስተኛው ዙር ላይ በመለኪያ ማንበብ።

20ኛው ቁጣ ቀሰቀሰ። አዲስ ለምን ይገዛል፣ አሮጌውን ከፍቶ ፕላስቲክ አስሞልቶ በብየዳ ማዘጋት በርካሽ ይሠራል አለ። 21ኛው በብየዳ ሙቀት ውስጡ ያለው የፕላስቲክ መቀመጫ እንደሚቀልጥ፣ የኳሱ ብረትም ጥንካሬውን እንደሚያጣ አስረዳ። 22ኛው ማስረዳቱን ትቶ ሰደበ፤ የሰውየውን ቤተሰብ መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቀው። ስድቡ አያስፈልግም ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ልክ ነው። ታይሮድ ሲለቅ አንድ ጎማ አቅጣጫ ያጣል። ሸክም ተሸካሚ ቦል ጆይንት ሲለቅ ግን ጎማው ከስር ይታጠፍና መኪናው በአርሙ አስፋልት እያረሰ ይሄዳል። በኮሮላም ሴሚያሱና የፍሬን ቱቦው አብረው ይሄዳሉ። 23ኛው ሰላም ይሁን ብሎ ጎሚኒ በመርፌ ወግቶ ግራሶ መጨመር እንዴት ነው ሲል ጠየቀ። መልሱን በዚያው ለራሱ ሰጠ፦ ግራሶው የሚገባበት ቀዳዳ በክረምት ውሃ የሚገባበት ይሆናል። የግራሶ ቫልቭ ያለው ጆይንት ከሆነ ጎሚኒው ትንሽ እስኪነፋ ብቻ። ላቫጆ ላይ ከስር ናፍታ ማስረጨትም ጎሚኒን ያለሰልሳል ብሎ ጨመረ፤ ማንም አልተከተለውም፣ ያሳዝናል፣ ልማዱ የተስፋፋ ነውና።

24ኛው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 ታኮማ፣ ቱንድራና ሴኮያን በታችኛው ቦል ጆይንት ምክንያት ለጥገና መጥራቱን አስታወሰ፤ የታኮማው ከስር ተንጠልጥሎ የሚሸከም ስለሆነ ሲያልቅ ተስቦ ነው የሚወጣው። በዚያ ላሉ ሐበሾች ጠቃሚው ቃሉ ግን መሣሪያውን አለመግዛት ነው፤ የመለዋወጫ መደብሮች ማስያዣ ተቀብለው ማውጫና መጫኛ ያውሳሉ። 25ኛው ከጀርመን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ላይ መርማሪው ያንኑ ብረት ይዞ ነው የሚመጣው አለ፤ የተቀደደ ጎሚኒ ብቻውን ያስጥላል።

26ኛው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ኢትዮጵያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የሚገቡት መኪናዎች ከባድ ናቸው፤ የፎልክስዋገኑ አይዲ.4 ሁለት ቶን ያልፋል፣ ይህ ኮሮላ አንድ ቶን ቢሆን ነው። የፊት እግር መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ሳይሞላ መንገዱ ቀድሞ ይጨርሳቸዋል የሚል ሥጋት ነው። ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል።

በ27ኛው የክሩ ባለቤት ቀይሮ ጨርሶ መጣ። የቀኙን ብቻ ነው የቀየረው፤ የግራው ጤነኛ ስለሆነ ጥንድ ማድረግ ግዴታ አይደለም፣ ግን ዕድሜው አንድ ነውና በየአገልግሎቱ በብረት ይፈተሽ። አላይመንት አሠርቷል፤ የቦል ጆይንቱ ቦታ በቀዳዳ የተወሰነ ቢሆንም ያለቀው ጆይንት ላይ ተስተካክሎ የነበረው ቶ (የፊት ጎማዎቹ አቅጣጫ ልክ) አዲሱ ሲገባ ልክ አይሆንም። ድምፁ ጠፍቷል። በከንቱ ተፈትተው ጋራዡ የቀሩት ሁለቱ አሮጌ ሾኮች ዘይት የማያፈሱ፣ ሲጫኑም እኩል የሚመለሱ ነበሩ። እነሱን ለመጠየቅ ቢሄድ ለሌላ ኮሮላ ተገጥመው ጠበቁት።